ድንጋይ ለመጥረብ ፈረንጅ አገር ድረስ?

ይህ ጽሑፍ ባሕር ዳር ላይ ለሥነ ጥበብ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት አስተካክዬዋለሁ፤ በመጨረሻ ከተነሡት ጥያቄዎችም የተወሰኑትን ጨምሬአለሁ።

እንደምን አመሻችሁ። ይህን ዝናብ ደፍራችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የተጋበዝኩት በውጭ አገር ለአንድ ክረምት ቅርፃ ቅርፅና ፐርፎርማንስ አርት (አርቲስቱ በራሱ አካል በሰው ፊት የሚሠራው ጥበብ) ስለ መማር እንድናገር ነው። ስለ ቪዛውም ስለ ገንዘቡም እነግራችኋለሁ። ለእሱ ብቻ የመጣ ካለ ግን ትንሽ ይታገሰኝ፤ መጀመሪያ ስለ ድንጋይ መናገር አለብኝ።

ልሄድ ስነሣ እናቴ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «እዚህ ድንጋይ ጠፍቶ ነው?»

አልጠፋም። የተቀመጥንበት ምድር ራሱ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ጣና አሁን ያለውን መልክ የያዘው ከምድር የፈሰሰ ቅልጥ ድንጋይ ቀዝቅዞ የዓባይን መውጫ ስለ ገደበው ነው። ጢስ ዓባይ ላይ ውኃው የሚወረወርበት ገደልም ያው ጥቁር ባዛልት ነው። የጎንደር ግንቦች ከዚሁ ድንጋይና ከኖራ ተሠሩ። እንግዲህ ድንጋይ ፍለጋ ባሕር መሻገር እብደት ይመስላል፤ እናቴ ልክ ነበረች።

ነገር ግን ባዛልት ለጀማሪ ቀራፂ ጨካኝ መምህር ነው። ተራ የብረት መሮ ወዲያው ይዶለዱማል፤ ጫፉ ላይ ተንግስተን ካርባይድ የተበየደበት መሮ ይፈልጋል። እኔ በተማርኩበት ጊዜ እንዲህ ያለ መሮ በዓይናችንም አላየንም። ቅርፃ ቅርፅ ማለት ለእኛ ጭቃ፣ ጄሶና ሲሚንቶ ነበር። የሽቦ አጽም ታቆማለህ፣ ጭቃ ትለብጥበታለህ፣ በጄሶ ቅርጹን ታወጣለህ፣ በመጨረሻ ሲሚንቶ ታፈስበታለህ። በዚህ መንገድ ብዙ ጥሩ ሥራ ተሠርቷል፤ አላጣጥለውም። ችግሩ ጭቃ ይቅር ባይ መሆኑ ነው። በጭቃ የጠመመ አፍንጫ ነገ ጠዋት ይቃናል። በድንጋይ ላይ የተሰበረ አፍንጫ ግን ሌላ ፊት እንድትፈልግ ያደርግሃል። እጄ ይህን ፍርሃት አያውቀውም ነበር፤ የሄድኩትም እሱን ለመማር ነው።

የሄድኩበት ከተማ ሳልዝቡርግ ነው፤ ኦስትሪያ ውስጥ። እዚያ ሠዓሊው ኦስካር ኮኮሽካ በ1953 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የመሠረተው ዓለም አቀፍ የክረምት የሥነ ጥበብ አካዳሚ አለ። ኮኮሽካ ናዚዎች ሥራዎቹን «የዘቀጠ ጥበብ» ብለው ከሙዚየም ያወረዱበት፣ መጀመሪያ ወደ ፕራግ፣ ቀጥሎ ወደ እንግሊዝ የተሰደደ ሰው ነው። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለስ የከፈተውን ትምህርት ቤት «የማየት ትምህርት ቤት» አለው። ቦታው ሆሄንሳልዝቡርግ የሚባለው፣ ግንባታው በ1077 የተጀመረው፣ ከተማዋን ከላይ የሚያይ ምሽግ ነው። ኮኮሽካ ሞዴሎቹን እንደ ሐውልት አያስቆማቸውም ነበር፤ እንዲንቀሳቀሱ ያደርጋል፤ ተማሪው በውኃ ቀለም እየተሯሯጠ ይከተላቸዋል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ። ጣሊያናዊው ቀራፂ ጃኮሞ ማንዙም ከ1954 እስከ 1960 በዚያው አስተምሯል። በ1958 ለከተማዋ ካቴድራል የሠራው የነሐስ በር ዛሬም ሰው ይገባበታል፣ ይወጣበታል። ሙዚየም ውስጥ ቢሆን ኖሮ «አትንኩ» የሚል ጽሑፍ ይለጠፍበት ነበር።

የድንጋዩ ትምህርት ግን በምሽጉ ውስጥ አይደለም። ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ኡንተርስበርግ በሚባለው ተራራ ግርጌ፣ በእውነተኛ የድንጋይ ካባ ውስጥ ነው። ድንጋዩን «እብነ በረድ» ይሉታል፤ የጂኦሎጂ ሰዎች ግን ኖራ ድንጋይ ነው ብለው ያርማሉ። ወደ ቢጫና ወደ ሮዝ የሚያደላ ቀለም አለው፤ የሳልዝቡርግ ካቴድራል ፊት ለፊት የተሠራው በእሱ ነው። ሰዎች «አውሮፓ ሄዳ ተማረች» ሲሉ በሐሳባቸው የሚመጣላቸው ነጭ ግድግዳ ያለው አዳራሽ ይመስለኛል። እኔ የተማርኩት በጭቃ ጫማ፣ መነጽርና ጓንት አድርጌ፣ ጆሮዬን ደፍኜ፣ በዝናብ ነው። ሳልዝቡርግ በሐምሌና በነሐሴ እንደኛው ትዘንባለች፤ በእነሱ በጋ ነው ብሎ ሸሚዝ ብቻ ይዞ የሚሄድ ይበርደዋል።

መጀመሪያ መሮ አልሰጡንም። መዶሻ ብቻ ይዛችሁ ድንጋዮቹን እየመታችሁ አድምጡ ተባልን። ጤነኛ ድንጋይ ሲመቱት እንደ ደወል ይጮኻል፤ ውስጡ የተሰነጠቀ ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ያንን ለይተህ ካላወቅህ ለብዙ ቀን የደከምክበት ሥራ ከመሐል ለሁለት ይከፈላል። ቀጥሎ መሮዎቹ መጡ፤ ትልልቁን የሚያነሣው ሹሉ፣ ሹሉ የተወውን ጋሬጣ የሚያስተካክለው ጥርሳሙ፣ ከዚያ ጠፍጣፋው፣ ከዚያ ሞረዱ፣ በመጨረሻ በውኃ እየታጠበ የሚደረገው ማለስለስ። ቅደም ተከተሉን ከመጽሐፍም ማንበብ ይቻላል። ከመጽሐፍ የማይገኘው አቋቋሙ ነው። ጀማሪ በክንዱ ይመታል፤ ከቀትር በኋላ ትከሻውን ማንሣት ያቅተዋል። መዶሻው በራሱ ክብደት እንዲወድቅ መተው አለብህ፤ ያንተ ሥራ ማንሣትና አቅጣጫ መስጠት ብቻ ነው። እግር ከፈት፣ ጉልበት ላላ፣ ዓይን ከመሮው ራስ ሳይሆን ከመሮው ጫፍ ላይ።

ይህን ሳውቅ የታወሰኝ ማን እንደሆነ ልንገራችሁ? እዚሁ ከተማችን ውስጥ በየመንገዱ ዳር ተቀምጠው ኮብልስቶን ሲጠርቡ የነበሩ ወጣቶች። ባዛልት ነው የሚጠርቡት፤ ከእኔ ኖራ ድንጋይ እጅግ የጠነከረውን። አንድ ድንጋይ አንሥተው ዞር ዞር ያደርጉትና በየት በኩል እንደሚሰነጠቅ ያውቁታል። ስመለስ ድንጋይ ይዤ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ሥነ ጥበብ መምህራን አልነበረም፤ ወደ እነሱ ነው።

እንግዲህ ይህ ከሆነ፣ እናንተም እንደ እናቴ «ታዲያ ለምን ሄድሽ?» ማለት ትችላላችሁ። መልሱ ያለው በሁለተኛው ትምህርት ውስጥ ነው።

ከካባው ወጥቼ ወደ ምሽጉ ወጣሁ፤ ፐርፎርማንስ ልማር። ስለዚህ ነገር እዚህ አገር ሁለት ዓይነት አስተያየት እሰማለሁ። አንዱ «ቲያትር ነው» ይላል። ሌላው «እብደት ነው» ይላል። ቲያትር አይደለም፤ ፐርፎርማንስ የሚያደርገው ሰው ሌላ ሰው ሆኖ አይቀርብም፤ የሚያደርገውን ነገር በእውነት ነው የሚያደርገው። ቢደክመው የደከመው እሱ ነው። እብደት ነው ወይ ለሚለው፣ ጥቂት ሥራዎችን ልንገራችሁና ራሳችሁ ፍረዱ።

በ1967 ሪቻርድ ሎንግ የሚባል የለንደን የቅርፃ ቅርፅ ተማሪ አንድ ሜዳ ላይ ወዲያና ወዲህ ተመላለሰ፤ ሣሩ እስኪተኛና ቀጥ ያለ መስመር እስኪታይ ድረስ። ፎቶግራፍ አነሣውና ሄደ። ቅርፃ ቅርፁ ያ መስመር ነው፤ መሣሪያው እግሩ ነው። ኦስትሪያዊው ቀራፂ ኤርቪን ቩርም ደግሞ ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ለተመልካች ወንበር፣ ባልዲ፣ ብርቱካን የመሰለ ተራ ነገር ይሰጥና እንዲህ ሁነህ አንድ ደቂቃ ቁም ይላል። ለአንድ ደቂቃ ሐውልቱ አንተ ነህ። በ2010 ማሪና አብራሞቪች ኒው ዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ሙዚየሙ በሚከፈትበት ሰዓት ሁሉ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ የፈለገ ሰው ፊት ለፊቷ ይቀመጣል፤ አትናገርም፣ አትነካም። ሲደመር ከ700 ሰዓት በላይ ነው። ብዙ ሰው ፊቷ ተቀምጦ አለቀሰ።

ኮኮሽካና የሚንቀሳቀሱት ሞዴሎቹ አሁን ግልጽ ይሆኑላችኋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ቅርፃ ቅርፅም ፐርፎርማንስም የሚጠይቁት አንድ ነው፤ አካል በሰው ፊት ክብደትንና ጊዜን እንዴት ይሸከማል? በካባው ውስጥ ክብደቱ ድንጋዩ ነው። በምሽጉ ውስጥ ድንጋዩን ወሰዱብኝና ክብደቱን ብቻ ተዉልኝ።

በዚያ ክፍል ውስጥ የሚያደክመው ሥራው አይደለም፤ ከሥራው በኋላ የሚመጣው ነው። በየቀኑ አንድ ሰው የሠራውን ያቀርባል፤ ሌሎቹ ክብ ሠርተው ይቀመጡና «ለምን?» ይላሉ። «ቆንጆ ነው» ማለት እንደ አስተያየት አይቆጠርም። ለምን ቆመሽ? ለምን አልተቀመጥሽም? ለምን ይህ ድንጋይ፣ ለምን ያ አልሆነም? እኛ አገር የተማሪን ሥራ የሚተቸው መምህሩ ነው፤ ተማሪው አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ይህ ይሉኝታችን ብዙ ጥሩ ጎን አለው፤ ለጥበብ ትምህርት ግን አይበጅም። ከማያውቅህ ሰው ፊት ቆመህ ሥራህን በቃል መከላከል መሮ ከመያዝ ይልቅ ይከብዳል፤ የሄድኩበትን ዋጋ ያገኘሁትም እዚያ ነው።

የአፍሪካ ልጅ እንደዚያ ያለ ክፍል ውስጥ የሚጠብቀው አንድ ፈተና አለ። አብሮኝ የሚማር አንድ ልጅ፣ ክፋት በሌለው ፊት፣ «ያንቺ ሥራ ከበሮ ይኖረዋል?» ብሎ ጠየቀኝ። ነጠላ ለብሼ፣ ዕጣን አጭሼ፣ ቡና አፍልቼ ብቀርብ ጭብጨባ እንደሚኖር አውቅ ነበር። ይህን መንገድ የሄዱ አሉ፤ አልፈርድባቸውም፤ ግን የሚያጨበጭበው ሰው አስቀድሞ የሚያውቀውን ነገር ስላየ ነው የሚያጨበጭበው።

እኔ የመረጥኩት ወደዚያ ያደረሰኝን መንገድ ነው። ከካባው ካመጣሁት ድንጋይ ማኅተም ቀረጽኩ። ጽሕፈት ቤት ውስጥ እንደምታውቁት ያለ ክብ ማኅተም፣ ግን በሁለት እጅ ካልሆነ የማይነሣ። በፊቱ ላይ «ይጠብቁ» የሚል ጽሑፍ ወደ ኋላ ተገልብጦ ተፈልፍሎበታል። የግዕዝ ፊደልን ገልብጦ በድንጋይ መጻፍ እንዴት እንደሚያናድድ ሞክሩት፤ የ«ጠ» እግሮች በተለይ። ከዚያ በምሽጉ ግቢ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ አኖርኩና ተቀመጥኩ። ወደ ውስጠኛው ክፍል ማለፍ የሚፈልግ ሁሉ ሰልፍ ይይዛል፤ የመጨረሻዎቹን ወራት የባንክ ሂሳብ መግለጫ፣ የግብዣ ደብዳቤ፣ ወደ መጣበት ተመልሶ እንደሚሄድ የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃል። ማንም አልያዘም። እኔ ማኅተሙን በሁለት እጄ አነሣና እርጥብ ጭቃ ላይ አሳርፋለሁ፤ የታተመውን ጭቃ ይዞ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ይመለሳል።

ሰልፉ ውስጥ ከሌጎስ የመጣች ልጅ ነበረች። ተራዋ ሲደርስ ከቦርሳዋ ሰነዶቿን ሁሉ በፕላስቲክ ፋይል ተደርድረው አወጣች፤ የባንኩን፣ የኢንሹራንሱን፣ የአሠሪዋን ደብዳቤ። ለካስ ለማንኛውም ብላ ይዛው ነው የምትዞረው። እኔ ሳልነግራት ሥራውን ከእኔ በላይ ጨረሰችው።

በማግስቱ ክቡ ተሠራ። አንዷ «ጠረጴዛው ቀልዱን ቶሎ ይገልጠዋል፤ ማኅተሙ ብቻውን ይበቃል» አለች። ሌላው «ቢሮ አይስቅም፣ አንቺ ግን ትስቂ ነበር» አለኝ። መምህሩ ያየው ደግሞ እኔ ያላሰብኩትን ነው፤ ማኅተሙን ባነሣሁ ቁጥር ትከሻዬ እየዘገየ መሄዱን፣ ሰልፈኞቹም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለራሳቸው ሳይሆን ለእኔ ማዘን መጀመራቸውን። ስለ ሥራዬ እንዲህ ያለ ወሬ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ጣና እንመለስ። አንዳንድ ወዳጆቼ «ፐርፎርማንስ እኮ የእኛው ነው፤ ማኅሌት አለ፣ ጥምቀት አለ፣ አዝማሪ አለ» ይሉኛል። አልስማማም። መቋሚያና ጸናጽል ይዞ ሌሊቱን ሲያሸበሽብ የሚያድር ሊቅ አንድም ተመልካች ባይኖር ያው ነው፤ የቆመው በእግዚአብሔር ፊት ነው። ፐርፎርማንስ ግን የሚያየው ሰው ከሌለ የለም። ቅዱሱን ነገር «ይህማ ጥበብ ነው» ብሎ ወደ ጋለሪ መጎተት ለሁለቱም አይጠቅምም። የአካል እውቀቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የማኅሌቱን አቋቋም ለመማር ስንት ዓመት እንደሚፈጅ የጎንደር በአታን ትምህርት ቤት የሚያውቅ ያውቃል፤ ክብደትን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ስለ ማሻገር ከዚያ የተሻለ ትምህርት ቤት ሳልዝቡርግ ውስጥ አላየሁም።

ሌላም ልጨምር። በ2002 ፍራንሲስ አሊስ የሚባል አርቲስት በፔሩ፣ ከሊማ ወጣ ብሎ፣ 500 በጎ ፈቃደኞችን አካፋ አስይዞ በአንድ መስመር አሰለፈና አንድ ትልቅ የአሸዋ ኮረብታን ጥቂት ሳንቲሜትር ፈቀቅ አደረገው። ይህን ስሰማ ያየሁት እምቦጩን ነው። ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጣናን የወረረውን አረም ለመንቀል ውኃ ውስጥ እስከ ወገባቸው ገብተው፣ በመስመር ቆመው፣ በእጃቸው ሲጎትቱ የዋሉትን ገበሬዎች። ሁለቱ አንድ ናቸው ብል እነዚያን ሰዎች መስደብ ይሆንብኛል፤ እነሱ የገቡት ሐይቃቸው ስለታመመ ነው። ነገር ግን ከእኛ መሐል አንድ ቀራፂ እንኳ ያንን መስመር፣ ያንን ጀርባ፣ የተነቀለው አረም ዳር ላይ ተከምሮ የሠራውን ክምር እንደ ቅርፅ አይቶ የሠራበት አለ? እኔ የማውቀው የለም። ካለ እባካችሁ አስተዋውቁኝ።

ታንኳውም አለ። ከደንገል ታስሮ የሚሠራ፣ ውኃ እየጠጣ የሚከብድ፣ ከተቀዘፈበት በኋላ ቆሞ መድረቅ ያለበት፣ ውሎ አድሮ የሚበሰብስና እንደገና የሚሠራ። ከዚህ የበለጠ ጊዜን በውስጡ የያዘ ቅርፅ አስተምሩ ቢሉኝ አላገኝም። ግን አደራ፤ ታንኳ የሚሠሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ስም አላቸው፣ ሙያ አላቸው፣ ብዙ ንቀትም ደርሶባቸዋል። ከእነሱ የሚማር ተማሪ ስማቸውን ይጥራ፤ የሙያቸውንም ይክፈል።

ቃል የገባሁትን ላድርስ። እንደዚህ ያሉ የክረምት ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ ዲግሪ አይጠይቁም፤ የሥራችሁን ፎቶግራፎችና ለምን መምጣት እንደፈለጋችሁ የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ነው የሚያዩት። ፎቶውን በቀን ብርሃን፣ ጀርባው ባዶ በሆነ ግድግዳ ፊት አንሡ፤ ሐውልቱ አጠገብ ቆማችሁ አትሣቁ። የገንዘብ ድጋፍ ያላቸው ብዙ ናቸው፤ ማመልከቻው ከትምህርቱ ወራት ቀድሞ ስለሚዘጋ በጥር ማሰብ ጀምሩ። ሳልዝቡርግ ከ1920 ጀምሮ ትልቅ የሙዚቃና የቲያትር ፌስቲቫል በዚያው ወቅት ስለምታዘጋጅ ማደሪያ ውድ ነው፤ መጀመሪያ ማደሪያ፣ ከዚያ ሌላው። ቪዛው የሸንገን ነው፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና ኢንሹራንስ ይፈልጋል። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ባወጣው ውሳኔ የኢትዮጵያውያንን የቪዛ ማመልከቻ ለመመርመር የሚፈጀው መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ስላደገ፣ ደብዳቤው በደረሳችሁ ቀን ቀጠሮ ያዙ። ጿሚ ከሆናችሁ ፍልሰታ እዚያው ይይዛችኋል። ድንጋይ እየጠረቡ በዳቦና በድንች መዋል ይቻላል፤ ሽሮ ይዛችሁ ብትሄዱ ግን አታዝኑም። ነሐሴ 9 ቀን፣ በእነሱ ኦገስት 15፣ የእመቤታችንን ዕርገት ስለሚያከብሩ ሁሉም ይዘጋል፤ እኛ ገና በጾሙ መሐል ነን።

ከጥያቄዎቹ

አንድ አባት «ልጄ ሐውልት ልሥራ ይለኛል፤ የተቀረጸ ምስል ደግሞ በመጽሐፍ የተከለከለ ነው። ምን ልበለው?» ብለው ጠየቁ።

አባቴ፣ ጥያቄዎን አላቃልለውም። ቤተ ክርስቲያናችን ሥዕልን እንጂ ዙሪያውን የሚታይ ሐውልትን ለአምልኮ አትጠቀምም። ቢሆንም ድንጋይ መፈልፈልን አልናቀችም፤ ላሊበላ ቤተ ጎልጎታ ውስጥ በግድግዳው ላይ የተፈለፈሉ የቅዱሳን ምስሎች አሉ። ልጅዎ ለስግደት ሳይሆን ለማሰብ የሚሆን ነገር ከሠራ የሚከለክለው ያለ አይመስለኝም። ከተማችንም የሰማዕታት ሐውልት አላት፤ ማንም አይሰግድለትም። ከተጠራጠሩ ግን እኔን ሳይሆን የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ።

አንዲት ተማሪ «ሐይቁ ዳር ፐርፎርማንስ ብናደርግ ፖሊስ ይይዘናል?» አለች።

ሰው የሚሰበሰብበት ነገር ከሆነ አስቀድመሽ ለሚመለከተው አካል በጽሑፍ አሳውቂ። ደብዳቤው ላይ «ፐርፎርማንስ» ብለሽ ብቻ አትጻፊ፤ የት፣ ስንት ሰዓት፣ ስንት ሰው፣ ምን እንደምታደርጉ በአማርኛ አብራሪ። ሊፈቀድም ሊከለከልም ይችላል። ሲከለከል ደግሞ ብቻሽን የምትሠሪው፣ ሰልፍ የማይመስል ሥራ አለ፤ የሪቻርድ ሎንግን መስመር አስቢ።

የመጨረሻው ጥያቄ ከኋላ የመጣ ነበር፦ «መሄድ ለማንችል ሰዎችስ?»

ካርባይድ ጫፍ ያላቸው መሮዎች ይዤ መጥቻለሁ፤ ብዙ አይደሉም፣ ተራ ይያዛል። ድንጋይ የሚጠርቡ ሁለት ወጣቶች ሊያስተምሩ ፈቃደኛ ሆነዋል፤ የቀን አበላቸውን እናዋጣለን። መነጽርና ጓንት ግን እያንዳንዱ ከቤቱ ይዞ ይምጣ፤ መነጽር የሌለውን አላስገባም። ከሥራው በኋላ ክብ ሠርተን እንቀመጣለን፤ «ቆንጆ ነው» ያለ ሰው ለሁሉም ሻይ ይጋብዛል።